ላይኛው እርከን የቀደመበት ዓመት

ያንን ተራራ አይቶ «እዚህ ላይ ወይን ልትከል» ያለው የመጀመሪያው ሰው ወይ ግትር ነበር፣ ወይ ሌላ መሬት የከለከሉት ምስኪን። ዝናቡ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ የሚመጣበት ወሬ ብዙ፣ ቆይታው አጭር። ቀን ድንጋዩ እጅ አያስነካም፤ ማታ ደግሞ ከጫፉ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። አፈር ለማየት ድንጋይ ማንሳት ያስፈልጋል። ወይን ግን አመለኛ ተክል ነው። ሲመቸው ቅጠሉን ያበዛል እንጂ ለፍሬው ደንታ የለውም። እዚያ ተራራ ላይ ስለሚቸገር ግንዱ ከጉልበት አያልፍም፣ ፍሬው ደቃቃ ነው፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚወርድ ደግሞ የሚያውቅ የለም። የቀኑ ፀሐይ ያጣፍጠዋል፤ የማታው ብርድ ጣፋጭነቱ እንዳያሰለች ትንሽ ኮምጠጥ አድርጎ ያሳድረዋል። ሁለቱ የሚስማሙበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ቀድመው ከለቀሙት ጎምዛዛ፣ ከዘገዩበት ዘቢብ ይሆናል።

ያቺን አጭር ጊዜ የምትለየው አንዲት ሴት ነበረች። አገር ምድሩ ቀማሿ ይላታል። አባቷ ሲሞት መጭመቂያ ቤቱን ለታናሽ ወንድሟ፣ ምላሱን ለእሷ አወረሰ እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነትም እንደዚያው ነው። ለቀማ ሲደርስ ማለዳ ብቻዋን ትነሳለች። ከደረቁ ወንዝ አጠገብ ካለው ታችኛው እርከን ጀምራ በመሃለኛው በኩል እስከ ላይኛው ትወጣለች። ከየእርከኑ አንድ አንድ ፍሬ አፏ ታደርጋለች፣ ዘሩን በጥርሷ ሰብራ ታየዋለች፣ ከዚያ ወርዳ «እገሌ እርከን ደርሷል» ትላለች። በቃ። እሷ ቃሏን ሳትሰጥ ከለቃሚ እስከ ባለቤት አንዲት ፍሬ አፉ የሚያደርግ የለም። ሕጉን ያወጣው አባቷ ነው። በእሱ ወጣትነት ሁሉም እየቀመሰ ሁሉም የየራሱን ሲል ለቀማው በጭቅጭቅ ይጀመር ነበርና አንድ ቀን ሰውዬው መረረው፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አንድ ምላስ ይበቃል አለ። ነገሩ እስከ ዛሬ ሠርቷል። ለቃሚዎቹ ቀኑን ሙሉ ወይን መሃል እየዋሉ ከንፈራቸው እንደደረቀ ይመለሳሉ።

ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጥ እንጂ ተራው ተለውጦ አያውቅም። ታችኛው እርከን ሞቃት ነውና ይቀድማል፤ ላይኛው ነፋስ ሲመታው ስለሚያድር መጨረሻ ይደርሳል።

ሴትዮዋ ታዲያ ዘንድሮ ለማንም ያልተነፈሰችው ጉዳይ በሆዷ ነበር። ብርዱ በበረታበት ሰሞን የያዛት ጉንፋን አፍንጫዋን ዘግቶ፣ የሳሙናም የሽንኩርትም ሽታ ነስቷት ከረመ። ከዚያ ተሻላት። ተሻላት ወይስ የተሻላት መሰላት? እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ። አንድ ቀን ሾርባ ቀምሳ «ጨው በዝቶበታል» ስትል ባሏ «ኧረ ምን ጨው አለው!» ብሎ ከላይ ሌላ ጨው ነሰነሰበት። ባሏ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ዳር ሲበላ የኖረ ሰው ስለ ጨው ቢናገር ማን ያምነዋል? እሷ ግን አመነችው። የፈራ ሰው ማንንም ያምናል።

የዚያን ዓመት የቅምሻ ማለዳ እንደ ልማዷ ወፍራሙን ሹራቧን አጣጥፋ በክንዷ ይዛ ወጣች። ሹራቡ ለላይኛው እርከን ነው፤ ነፋሱን ታውቀዋለች። ታች ስትደርስ ግን ብርዱ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣባት። ቆም ብላ ዙሪያውን አየች። የደረቀው ወንዝ እዚያው ነው፣ ድንጋዩም እዚያው ነው። ከእርከኑ ግርጌ ባሏ የመንገዱ አቧራ ዘለላው ላይ እንዳያርፍ ብሎ ከዓመታት በፊት የተከለው የዛፍ አጥር አድጎ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሸለቆውን እንደ በር ዘግቶታል። መንገዱ አይታይም። ምንም የተለየ ነገር አላየችም። «አሞኛል ማለት ነው» ብላ ሹራቡን ለበሰች።

የመጀመሪያዋን ፍሬ አፏ አደረገች። ፊቷ ተጨማደደ። መንጋጋዋን ቁርጥ አድርጎ የሚይዝ ጉምዛዜ ነበር። ዘሩን አወጣችው፤ አረንጓዴ ነው፣ ጥርስ ስር ይልመጠመጣል እንጂ አይሰበርም። ታችኛው እርከን በዚህ ሰሞን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛ ቀመሰች፣ ሦስተኛ ቀመሰች፤ አንድ ብቻ የሚለውን የራሷን ልማድ ራሷ አፈረሰች። ያው ነው። መሃለኛው ላይ ደረሰች፤ ደህና ነው፣ ግን እንጃ። እየወጣች ስትሄድ ሞቋት ሹራቡን አወለቀች። ላይኛው እርከን ስትደርስ ግንባሯ ላብ አውጥቶ ነበር። ነፋስ ይመታዋል የተባለው ቦታ ከትናንት ፀሐይ የተረፈ ሙቀት ከድንጋዩ ላይ ይተነፍሳል። ፍሬዋን ስትነክሳት ማር ነች። ዘሩ ቡናማ ነው፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ያ ሁሉ ዓመት የምታውቀው ተራራ ተገልብጦ ቆመባት። ሞቃቱ ቀዝቅዟል፣ ቀዝቃዛው ሞቋል፣ መጨረሻው ፊተኛ ሆኗል። ተራራ ይገለበጣል? አይገለበጥም። እንግዲህ የተገለበጠው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ምላሷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፣ በመንካት የሚታወቅ ይመስል። ታች ሲበርዳት ላይ ሲያልባት፣ ጣፋጩን ጎምዛዛ ጎምዛዛውን ጣፋጭ ስትል፣ በደህና ሰው የሚደርስ ነገር አልመስል አላት።

መጭመቂያ ቤቱ በር ላይ ወንድሟ እና ለቃሚዎቹ ቆመው ይጠብቋታል። ወንድሟ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ ገንዳውን አሳጥቦ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀረው።

«እህሳ እትዬ?» አለ ፈገግ ብሎ።

«ነገ እነግራችኋለሁ» አለች።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ብላ አታውቅም። የለቃሚዎቹ አለቃ፣ እጇም አፏም ፈጣን በመሆኑ መቀስ የሚሏት ሴት፣ «ምነው እትዬ፣ ወይኑ አላናግርም አለዎት እንዴ?» ብላ አሳቀቻቸው። ቀማሿም አብራ ሳቀችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ባሏን ወጥ ቤት አስቀምጣ «አንድ ጨዋታ እንጫወት» አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። እሱ በአንዱ ብርጭቆ ውሃ ላይ ስኳር፣ በአንዱ ሎሚ፣ በአንዱ ጨው ጠብ አድርጎ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ልትለይ ነው። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ የሚያስደስት ሥራ ሰጥታው አታውቅም፤ እጁን አፋተገ።

«ይሄ?»

«ስኳር።»

«ይሄስ?»

«ሎሚ።»

«ይሄኛውስ?»

«ጨው። አበዛኸው ደግሞ።»

ደረቷ ቀለል አላት። ዓይኗን ልትገልጥ ስትል «ቆይ ቆይ፣ አንድ ይቀራል» አለና አራተኛ አቀበላት። ቀመሰች። ቆየች። እንደገና ቀመሰች።

«ይሄም ጨው ነው። ትንሽ ነው እንጂ ጨው ነው።»

ሹፌሩ በሳቅ ወደ ኋላ ተንፈራፈረ። «ውሃ ነው! አንቺ ሴትዮ፣ ባዶ ውሃ ነው! ቀማሽ ተብዬ!» እያለ ጠረጴዛውን ደበደበው።

ሰውዬው የጨዉን ውሃ ደፍቶ በዚያው ብርጭቆ ነበር ባዶውን ውሃ የቀዳው። በዕድሜው አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው መለቅለቅ የሚባል ነገር ከየት ይመጣለታል? እሷ ደግሞ አልጠየቀችም። መልሱን ከማለዳ ጀምሮ ስትፈራው ስለነበር፣ ሲመጣ ከየት መጣህ ሳትል አስገባችው። ዓይኗን እንደጨፈነች «እውነትህን ነው» አለች። ባሏ ሳቁን አቋርጦ አያት፤ የሆነ ነገር እንዳበላሸ ገባው፣ ምን እንዳበላሸ ግን አልገባው። ሻይ ላፍላልሽ ወይ አላት። አልፈልግም አለችው።

በማግስቱ መጭመቂያ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ታችኛው ደርሷል፤ ከዚያ ጀምሩ» አለች። ምላሷ ከከዳት ከአባቷ ጀምሮ የመጣው የእርከኖቹ ተራ አለ። ያ ሁሉ ዓመት ያልተሳሳተ ነገር ዘንድሮ ብቻ ለምን ይሳሳታል? እንዲህ ብላ ራሷን አጽናናች፣ ግን አልተጽናናችም።

ለቃሚዎቹ ተሰማሩ። አንዳቸውም አልቀመሱ፤ ቢቀምሱ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሕግ ሕግ ነው ብለው እጃቸውን ወደ ዘለላው፣ ዘለላውን ወደ ሳጥኑ፣ አፋቸውን ለወሬ ብቻ ሲያውሉት ዋሉ። መቀስ አንድ ዘለላ በመዳፏ መዘን መዘን አድርጋ ወደ ቀማሿ መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ጠጠር አይመስልም? ከግንዱም አልለቅ እያለን ነው።»

«ዘንድሮ ልጣጩ ወፍራም ነው።»

«እሺ» አለች መቀስ፤ እሺ ያለችበት መንገድ ግን እሺ አይመስልም ነበር። ዘለላውን አንዴ አየችው፣ ቀማሿንም አንዴ አየቻት፣ ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ጣለችውና ሄደች። ቀማሿ ፊቷ ጋለ። ውሸት ተናግራ እንደሆነ እንኳን በቅጡ አታውቅም። ልጣጩ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ደርሶም ሊሆን ይችላል። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

አንድ ተስፋ ግን ነበራት፤ ወንድሟ። የመጀመሪያውን ጭማቂ የሚቀምሰው እሱ ነው። ወይኑ እውነትም ጎምዛዛ ከሆነ እሱ ይጮሃል፤ ያኔ እሷም ምላሷ ደህና መሆኑን ታውቃለች። ውርደቱን ትቀበለዋለች፣ እንዲያውም ትስመዋለች። መጭመቂያው ሲዞር፣ ጭማቂው በቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል፣ ከአጠገቡ ቆማ ፊቱን እንጂ ሌላ ነገር አታይም ነበር።

ወንድሟ ኩባያውን ሞልቶ ጎንጨት አለ። አፉ ውስጥ አቆየው። አንድ ዓይኑ ትንሽ ርግብግብ አለች። ከዚያ ዋጠው።

«ጥሩ ነው» አለ።

«እንደ ዱሮው ነው?»

«እንደ ዱሮው ነው፣ እትዬ።»

ኩባያውን ተቀብላ እሷም ጠጣች። ኮምጣጤ ነው። ጆሮዋ ድረስ ተሰማት። እሷም ዋጠችውና «ጥሩ ነው» አለች፤ ሁለቱ ተያይተው ፈገግ አሉ። ለቃሚዎቹ አጨበጨቡ። እሷ በውስጧ አንድ ነገር ሲዘጋ ሰማች። በቃ፣ ተረጋገጠ። ወንድሟ ዋሽቷት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ያ ደረቅ ነፋስ ተነሳ። በዚያ ተራራ ነፋሱ ከተነሳ ለወይን አይራራም፤ የደረሰውን ያጨማድደዋል፣ ያልደረሰውን ያደርቀዋል። እሷ በየቀኑ ምክንያት እየፈጠረች ላይኛው እርከን ትወጣለች። ፍሬዎቹ መሸብሸብ ጀምረዋል። አንዷን ትቀምሳለች፤ ከማር አልፋ ወደ ዘቢብ እየሄደች ነው። «የተበላሸው ያንቺ ምላስ ነው እንጂ እነሱ ገና ናቸው» ትላለች ለራሷ። ትወርዳለች። ታች ይበርዳታል። ባሏ ሹራብ ለብሳ ስትገባ ስትወጣ እያየ «በዚህ ሙቀት?» ይላታል፤ እሷ ሹራቡን ይበልጥ ሰብሰብ ታደርገዋለች። ቀልቧ ተገፎ ሾርባ ላይ ስኳር ጨመረች፤ ሰውዬው ያለወትሮው ምንም ሳይል ጭጭ ብሎ በላው።

በመጨረሻ ወሰነች። ለወንድሟ እውነቱን ነግራ ሌላ ቀማሽ ፈልግ ልትለው ነው። ከአባቷ የቀራት ቀማሽነቷ ብቻ ነበር። ቤት የላት፣ መሬት የላት፣ ምላስ ብቻ። እንባዋ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ለቃሚዎቹ ዕረፍት በወጡበት ሰዓት ወደ መጭመቂያ ቤቱ ሄደች።

ወንድሟ በርሜሎቹ ካሉበት ከኋላው ክፍል ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ስታደርገው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከፊቱ አንድ ኩባያ ጭማቂና አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ አለ። ከዚህኛው ይጎነጫል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ከዚያኛው ይጎነጫል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ራሱን ይነቀንቃል። እንደገና ይጀምራል።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

ሰውዬው ክው አለ። ጠርሙሱን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ሆዱ። ከዚያ ትከሻው ወረደና በርሜል ተደግፎ ቆመ።

«እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ። ሚስቴም አታውቅም።»

«ምኑን?»

«ምላሴ ተበላሽቷል።» ዓይኑ ውሃ ቋጠረ። «ይኸው ተመልከች፣ ጭማቂው ለእኔ ከኮምጣጤ አይለይም። ያን ቀን ስቀምሰው ልተፋው ነበር። አንቺ ደርሷል ብለሻል፣ ፊቴ ቆመሽ ታይኛለሽ፣ ምን ልበል? አንቺ ስትጠጪው ደግሞ ጥሩ ነው አልሽ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አባታችን በዚህ ዕድሜ ደህና ነበር። ሐኪም ቤት ልሄድ አስቤ ነበር፣ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ቸገረኝ። መጭመቂያ ይዤ ሳልቀምስ ምን ሆኜ ልኖር ነው? ብታይ፣ ሰሞኑን ብርድ ብርድ ሁሉ ይለኛል።»

መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ምላሷ ደህና ነው! ወይኑ ጎምዛዛ ነው፣ ብርዱም ብርድ ነው፣ ላይኛው እርከን ማር ነው! ልትዘል ምንም አልቀራት። ሁለተኛ የመጣው የወንድሟ ፊት ነበር። ያ ፊት ሰሞኑን በመስታወት ስታየው የነበረው የራሷ ፊት ነው፤ ያበደረችው እሷ ነች። ሦስተኛው ደግሞ ክፉ ሐሳብ ነበር፣ በለሆሳስ የመጣ። ዝም ብትልስ? «አይዞህ፣ የዕድሜ ነገር ነው» ብትለውስ? ስሟ ይተርፋል። ወይኑ ቢበላሽ ነፋሱ አለ፣ ገንዳው አለ፣ የሚላከክበት አይጠፋም። ወንድሟ ሲጠብቃት አየች፤ እንደ ልጅነቱ፣ የተሰበረ ነገር ይዞላት መጥቶ «ይሠራልኝ ይሆን?» እንደሚለው።

«ምላስህ ደህና ነው» አለችው።

«እሱን እንኳን ተይው፣ እንዳታጽናኚኝ።»

«እያጽናናሁህ አይደለም። ኮምጣጤ ነው። አልደረሰም ነበር። ያን ዕለት ማለዳ ስቀምሰው አውቄያለሁ። ማለቴ፣ ምላሴ አውቋል። እኔ የተበላሸሁ መስሎኝ ነው። ላይኛው ነው የደረሰው፣ ታችኛው ገና ነው። ተገልብጦ ሳገኘው ፈራሁና የአባባን ተራ ጠራሁ። ከዚያ አንተ ጥሩ ነው ስትል ጨርሶ ተስፋ ቆረጥኩ። ዛሬ እዚህ የመጣሁት ሌላ ሰው ፈልግ ልልህ ነበር።»

ወንድሟ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ሳቀ፤ ትልቅ፣ የእፎይታ ሳቅ። ኮምጣጤውን አንስቶ እንደገና ቀመሰ፣ ጭማቂውን ቀመሰ፣ «ያው ነው! እውነትም ያው ነው!» እያለ እንደ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«እኔ የገዛ አፌን ሳላምን አንቺን አመንኩ» አለ። «አንቺ ግን ራስሽን አላመንሽም።»

«ና፣ ታች ያለውን ብርድ ራስህ እየው» አለችው።

ተያይዘው ወደ ታችኛው እርከን ወረዱ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ማለት ጀምራለች። ከላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ በእርከኖቹ መሃል ቁልቁል ሲፈስ በእግራቸው ተሰማቸው። ወንድሟ ተከትሎት ሄደ፣ እሷም ተከተለችው። ከዛፉ አጥር ስር ሲደርስ አየሩ ቆመ። የሚወጣበት የለውም። ዱሮ በዚያ በኩል ተንከባሎ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር፤ ዛፎቹ ትንንሽ በነበሩ ጊዜ። አሁን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ተኝቶ ወይኑን አቅፎት ያድራል። ላይኛው እርከን ከብርዱ በላይ ቀርቶ፣ ድንጋዩ የያዘውን ሙቀት ይዞ ያነጋል።

«ዛፎቹ ናቸው?» አለች፣ ገና እየተጠራጠረች።

«ዛፎቹ ይመስሉኛል። አንቺስ?»

«እኔም ይመስለኛል።»

ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም። ሰሞኑን ከደረሰባቸው በኋላ በምን እርግጠኛ ይሁኑ? አቧራ ይከላከላል ተብሎ የተተከለ ዛፍ የአባታቸውን ተራራ ይገለብጣል ብሎ ማን ያስባል? ለባሏ ማን ይነግረዋል የሚለው ደግሞ ለሌላ ቀን ተተወ።

የታችኛው ጭማቂ ለኮምጣጤ ተለየ። ላይኛው ሳይመሽ መለቀም ነበረበት፤ ነፋሱ ሌላ ቀን አይሰጥም። ወንድሟ ለቃሚዎቹን ከዕረፍታቸው ሰብስቦ ወደ ላይ አወጣቸው። ምን እንደተፈጠረ የነገረቻቸው እሷ ራሷ ነች፤ እሱ ሊነግርላት ቢፈልግም እምቢ አለች። በሰው ፊት ቆማ «ተሳስቼ ነው፤ የተሳሳትኩትም አውቄ ነው» አለች። ማንም አልሰደባት። መቀስ እንኳን፣ ያቺ ለማንም የማትመለሰው መቀስ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ቀማሿ ከመጀመሪያው ግንድ አንዲት ፍሬ ቆረጠች። ግማሿ ተሸብሽባለች። አፏ አደረገቻት፣ ነከሰቻት፣ ዘሩን ሰበረችው። ሰው ሁሉ ያያታል። በዚህ ጊዜ አልተወላወለችም፤ በሙሉ ልቧ፣ ከዚያ በፊት ተናግራው በማታውቀው እርግጠኝነት ተናገረች።

«ደርሷል። ነገ ቢሆን ያልፍበት ነበር። ጣፋጭ ነው።»

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። የመልቀሚያ መቀሱን ከኪሱ አወጣ፣ ግን ወደ ግንዱ አላጎነበሰም። ትንሽ አመነታ። የእህቱን ዓይን ሳያይ፣ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ለቃሚዎቹ አለቃ ዞረ።

«እስኪ አንቺም ቅመሺው» አላት።